400 ሜትር

(ባሕር ዳር ላይ ለሂሳብና ለኦዲት ሠራተኞች በተሰጠ ሥልጠና መዝጊያ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው እንዳለ ነው የገለበጥኩት። «እ…» ያልኩባቸውን ቦታዎች ብቻ አውጥቻለሁ፤ ብዙ ነበሩ።)

እንደምን ዋላችሁ?

ኧረ ድምፃችሁ የት ሄደ! እንደምን ዋላችሁ? እሺ፣ አሁን ሰማሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ውስጥ ቁጥጥር ስትሰሙ ከርማችሁ በመጨረሻዋ ሰዓት እኔን ማዳመጥ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም እዚያ ብቀመጥ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነበር። ስለዚህ ቶሎ እጨርሳለሁ። ኦዲተር «ቶሎ እጨርሳለሁ» ሲል እንደማይታመን ግን እናንተ ታውቃላችሁ። (ሳቅ)

አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ስለ ሥራ ጉዞ ጫና ንገሪን» ነው ያሉኝ። ስለ ጫናው ምን ልንገራችሁ? ወገብ ያማል። ልጅ ይናፍቃል። የሆቴል ትራስ ወይ ድንጋይ ነው ወይ የለም። አለቀ። ይህን ለመስማት ተናጋሪ አያስፈልጋችሁም። ስለዚህ ርዕሱን ቀይሬዋለሁ፤ አዘጋጆቹ ይቅር ይበሉኝ። የማወራው በሥራ ጉዞ መሀል ስለምትገኝ ትንሽ ደስታ ነው። ስለ ትልቁ ደስታ አላውቅም። ስለ ትንሿ ግን ትንሽ አውቃለሁ።

መጀመሪያ አንድ ቆጠራ እናድርግ። ቆጠራ እንወዳለን አይደል? ሦስት ቀን ባሕር ዳር ከርማችኋል። እስቲ ባሕሩን ሄዳችሁ፣ በእግራችሁ ቆማችሁ ያያችሁ እጃችሁን አውጡ። ከመኪና መስኮት አይቆጠርም። ከሆቴሉ ሰገነት ላይ ስልክ እያወሩ ማየትም አይቆጠርም… አንድ፣ ሁለት… ሰባት። ከዚህ ሁሉ ሰው ሰባት! ይህ በእኛ ቋንቋ ምን ይባላል? አዎ፣ ግኝት ይባላል፤ ኦዲተር መዝግቦ የሚያወጣው ጉድለት። (ሳቅ)

አይዟችሁ፤ የእኔ ግኝት ከእናንተ ይብሳል። ባሕር ዳር መመላለስ የጀመርኩት በ2001 ዓ.ም. ነው። ጎሐ ጽዮንና ደጀን መሀል ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ገና የተከፈተ ሰሞን። በዓመት ሦስት ጊዜ እመጣ ነበር። የማርፍበት ሆቴል ከባሕሩ 400 ሜትር ቢርቅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን አላየሁትም። ሁለት ዓመት! ስድስት ጊዜ መጥቼ ስድስት ጊዜ ተመልሻለሁ። ቤት ስገባ እናቴ «ባሕሩስ እንዴት ነው?» ትለኛለች። «ደኅና ነው» እላለሁ። ዋሽቼ!

እንዴት ሊሆን ቻለ? እናንተ ታውቁታላችሁ። ጠዋት መኪና በር ላይ ይመጣል። ቢሮ ትገባላችሁ። መዝገብ፣ ደረሰኝ፣ መዝገብ፣ ደረሰኝ። ማታ መኪናው ይመልሳችኋል። ክፍል ትገባላችሁ፣ ጫማ ታወልቃላችሁ። ጫማ ከወለቀ በኋላ የሚሆን ነገር የለም። ቴሌቪዥኑ እንደበራ እንቅልፍ ይወስዳል። በዚህ ዓይነት ባሕር ዳርም ሆነ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳም ሆነ ጅማ፣ ለእኔ አንድ ከተማ ነበሩ። አራት ግድግዳና አንድ ሪሞት።

ታዲያ በምን አየሁት? ካዝና ነው ያሳየኝ። እውነቴን ነው። የካዝና ቆጠራ ነበረብን። ካዝናው ደግሞ እንደምታውቁት ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በአንድ ሰው፣ ሌላው በሌላ ሰው እጅ። ሁለተኛዋ ቁልፍ ያዥ ለቅሶ ሄዳለች። እስክትመለስ ስምንት ሰዓት ይሆናል ተባለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ተቁነጠነጥኩ። ጥበቃው ሽማግሌ አዩኝና «ልጄ፣ ከምትቆሚ ባሕሩ ዳር ዞር ዞር በይ» አሉኝ።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «የቱ ባሕር?»

ሰውዬው ዝም ብለው አዩኝ። የባሕር ዳር ሰው «የቱ ባሕር?» የሚል ሰው ከዚያ በፊት አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከዚያ በከዘራቸው አሳዩኝ። የመንገዱን ጫፍ። አሁን ሳስበው የማላውቃቸው የሞቱት ሴትዮ ናቸው ባሕሩን ያሳዩኝ። ነፍስ ይማር።

ሄድኩ። ምን አየሁ? ተአምር አላየሁም። አንድ ሰውዬ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ ዛፍ ላይ ደግፎ ያቆማል። ጠየቅኩት። ታንኳው ከደንገል ነው የሚሠራው፤ ደንገል ደግሞ ውኃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ፀሐይ ላይ አቁሞ ማድረቅ ግድ ነው። «እሱም ይረፍ እንጂ» አለኝ እየሳቀ። ያንን ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ተመልሼ ካዝናውን ስቆጥር ሳንቲም አልጎደለም። እኔም ደኅና ነበርኩ። ይህች «ደኅና ነበርኩ» ናት ዛሬ የማወራላችሁ።

ሦስት ነገር ጽፌ መጥቻለሁ።

አንደኛ፣ ጠዋት። ስለ ማታ ብዙ አልልም፤ በተለይ ለእኛ ለሴቶች በማናውቀው ከተማ ማታ የራሱ ጣጣ አለው። ጠዋት ግን የማንም አይደለም። አለቃ አይደውልም። ሾፌር አልተነሳም። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ከተጀመረ ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ያለው ጊዜ የእናንተ ነው። ጣናም ለጠዋት ነው የተሠራው። ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ይቆጣል። በአሥራ ሁለት ሰዓት ከባሕሩ ማዶ ከዘጌ በኩል እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ሲመጡ ታያላችሁ። እንጨቱ ብቻ ነው የሚታየው፤ ታንኳው ውኃ ውስጥ ገብቷል። ከሩቅ ሲታይ ሰውዬው ማገዶ ላይ ተቀምጦ ውኃ ላይ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

በነገራችን ላይ፣ እዚያ ዳር ቆማችሁ «ሐይቁ» ካላችሁ ከየት እንደመጣችሁ ወዲያው ይታወቃል። «ባሕሩ» ነው የሚባለው። የከተማው ስምስ ሐይቅ ዳር ነው እንዴ?

ሁለተኛ፣ ምሳ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ምክንያቱም የኦዲተር ትልቁ ችግር ምሳ ነው። አዎ፣ ሳቁ! ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ቅርንጫፍ ሲወጣ ይጋበዛል። እኛ ግን ምሳ የጋበዘንን ገንዘብ ያዥ ነገ እንዴት አድርገን ጉድለት እንጽፍበታለን? አይቻልም። ስለዚህ ብቻችንን እንበላለን። በሀገራችን ደግሞ ብቻውን የሚበላ ሰው እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይባላል። ተረቱን የተረተው ሰው ኦዲተር አላጋጠመውም። ሴት ሆነሽ ብቻሽን ስትበዪ ደግሞ አስተናጋጁ «ሰው ይመጣል?» ይልሻል። አይመጣም። «እሺ፣ እስኪመጣ ውኃ ላምጣ?» አይመጣም አልኩህ እኮ!

ለዓመታት በዚህ ምክንያት ምሳዬን ክፍል ውስጥ ዳቦ በሻይ አደረግሁ። አንድ ቀን ግን ባሕሩ ዳር ዓሣ ወደሚጠበስበት ገባሁ። ቀረሶ ሙሉውን፣ ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ ወጣ። ሎሚና ዳጣ ከጎኑ። ሹካ ጠየቅኩ። ጠባሿ «በሹካ አይሆንም እትዬ፤ በእጅዎ ነው፤ እሾሁን ጣት ነው የሚያውቀው» አለችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ዓሣ ብቻውን ለሚበላ ሰው የተፈጠረ ምግብ ነው! እሾህ እየለቀሙ ወሬ አይቻልም። ከጎን ያሉትም እንደኔው አቀርቅረዋል። ማንም «ሰው ይመጣል?» አላለኝም።

እዚያ ቤት ሁዳዴ ላይ ገብቼ ያየሁትንም ልንገራችሁ። ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ዓሣ ጾም ነው፣ አይደለም ብለው ይከራከራሉ። አንዱ ከመጽሐፍ ይጠቅሳል። ሌላው ከአባቱ ይጠቅሳል። ክርክሩ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። አስቂኙ ነገር ምን መሰላችሁ? ዓሣው የሁለቱም ፊት ቀርቧል። በመጨረሻ «ቀዘቀዘ እኮ» አለ አይደለም ባዩ፣ ሁለቱም በሉ። ፍርዱን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። እኔ የሰማሁትን ነው የማወራው።

ደግሞም አንድ ነገር እወቁ። እዚህ «ነጭ ዓሣ» የሚሉት ዘር አለ። በዚህ ውኃ ውስጥ ከአሥር በላይ ዓይነት አለው፤ ከጣና በቀር ዓለም ላይ የትም የለም። ክረምት ላይ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣል፤ ሰው ደግሞ በወንዙ አፍ መረብ ዘርግቶ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ እያነሰ ነው። ምግብ ቤት ገብታችሁ ስታዝዙ ይህን ብታስቡ አይከፋም። እኔ ቀረሶ ነው የማዘው።

«አበሉስ?» ያልሽው ማን ነሽ? (ሳቅ) ሰምቼሻለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጽፌ አልመጣሁም እንጂ መጻፍ ነበረብኝ። እዚህ ውስጥ ከውሎ አበሉ ቆጥቦ የቤት ቀዳዳ ያልደፈነ ሰው ካለ ይነሳ። አየሽ? ማንም አልተነሳም። የእኔ ወጥ ቤት ወለል በሙሉ አበል ነው። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያም ዳቦ በሻይ ተከፍሏል። ስለዚህ አበላችሁን አውጡ ብዬ የምመክር ሰው አይደለሁም፤ እንዲህ የሚል ሰው ቢመጣም ደመወዙን ጠይቁት። ድንጋይ ላይ መቀመጥ ግን ነጻ ነው። ዓሣውን በጉዞ አንድ ቀን አድርጊው። አንድ ቀን ብቻ። በአራት ቀን ዳቦ መሀል አንድ ቀን ዓሣ ሌላ ጣዕም አለው፤ በየቀኑ ከተበላ ያንን ጣዕም አያገኙትም።

ሦስተኛው ነው ዋናው። መመለስ።

በሥራ የሚጓዝ ሰው ቱሪስት ላይ ይቀናል። ካሜራ አንጠልጥሎ፣ ኮፍያ አድርጎ ሲሄድ እናየዋለን። እኛ ካልኩሌተር ይዘን። እኔም እቀና ነበር። ግን አስቡት። ቱሪስት አንዴ ነው የሚመጣው። እኛስ? እኛ እንመለሳለን! ወደድንም ጠላንም እንመለሳለን። ሰኔ 30 በመጣ ቁጥር እንመለሳለን።

ሚያዝያ 2003 ላይ ጢስ ዓባይ ሄድኩ። ቅዳሜ ነበር። ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሬ፣ አቀበቱን ወጥቼ፣ ላብ በላብ ሆኜ ደረስኩ። ምን ላይ? ገደል ላይ! ገደሉ አለ፤ ፏፏቴው የለም። በአንድ ጥግ እንደ ነጠላ ጥለት የቀጠነች ውኃ ትወርዳለች። አስጎብኚው ልጅ ራሱ አፈረ። በጋ ነው፤ ያለውም ውኃ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹ ይሄዳል አለኝ። እዚያው ጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ነው የተሠራው፤ ኋላ ሁለተኛ ተጨመረ። በ2002 ደግሞ የጣና በለሱ ተመረቀ፤ እሱ ከባሕሩ በዋሻ ነው የሚወስደው። እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ፤ ወጪና ገቢ ይገባኛል። መብራት በርቷል፣ ፏፏቴ ጠፍቷል። አንዲት ጸጉረ ነጭ የውጭ ሀገር ሴትዮ ከጎኔ ቆማ ልታለቅስ ደርሳለች። ከስንት ሀገር አቋርጣ መጥታ!

ልጁ «መስከረም ላይ ብትመጡ ነበር» አለን። እሷ መስከረም ላይ እንዴት ትመጣለች? እኔ ግን መስከረም ላይ የዓመት መዝጊያ ኦዲት ነበረብኝ!

መጣሁ። ድምፁን ከመኪናው ሳልወርድ ሰማሁት። ያ ደረቅ ገደል ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሞልቷል። ቡናማ ነው፤ የሰው እርሻ አፈር ነው የሚወርደው። ጢሱ ፊቴን አራሰው፣ ነጠላዬን አራሰው፣ መነጽሬን አራሰው። ብዙ ሰው ፏፏቴውን አይቷል። ሚያዝያን አይቶ መስከረምን ያየ ግን ስንት ነው? እኔ ሁለቱንም አየሁ፤ ያውም በመሥሪያ ቤቴ ትራንስፖርት። (ጭብጨባ)

ይህን መመለስ የሚባል ነገር ያስተማረኝ ሾፌራችን ነው። አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ «ጋሼ» ነበር የምንለው። ከአዲስ አበባ ስንነሳ ፍቼ፣ ጎሐ ጽዮን፣ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደንበጫ… ደንበጫ ላይ ሁልጊዜ ይቆማል። ሁልጊዜ! እኔ መጀመሪያ ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። ቡና ደብረ ማርቆስ ጠጥተናል፤ ለምን እንደገና? በኋላ አስተዋልኩ። ቡና አፍልታ የምትሸጠው ሴትዮ መኪናዋን ከሩቅ ስታይ ሲኒ ታጥባለች። ሌላ ሲኒ አይደለም፤ የእሱን ሲኒ። ጆሮው የተሸረፈ። ስለ ልጆቹ በስም ትጠይቀዋለች፤ እሱም ስለ ላሟ ይጠይቃታል። አሥር ደቂቃ ነው። ሾፌር በጋራና በሜዳ ሲንከራተት የሚኖር ሰው ነው፤ ደንበጫ ላይ ግን ቤት አለው፤ አንድ ሲኒ የሚያህል ቤት።

በአንድ ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ ስንደርስ መንገዱ ፈረስ ብቻ ሆነ። የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ፈረሱ ተሸልሟል፣ ሰዉ ተሸልሟል፣ አቧራው እስከ ሰማይ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ስብሰባ አለኝ። ጋሼ ሞተሩን አጠፋ። «ውረጂ» አለኝ። «ጋሼ፣ ስብሰባው!» «ስብሰባው ነገም አለ። ይሄ የዛሬ ዓመት ነው።» ወረድኩ። ስብሰባው ላይ አርፍጄ ደረስኩ። ስለ ምን እንደነበረ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ፈረሶቹን ግን እስከ ግላሳቸው ቀለም እነግራችኋለሁ።

አንድ የተናደድኩበትን ቀንም ልጨምር። ሁሉም ነገር ማር እንዳይመስላችሁ። አንድ እሑድ ከወንድ ባልደረቦቼ ጋር በጀልባ ክብራን ገብርኤል ሄድን። ደሴቷ ላይ ሴት አትገባም። ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። እነሱ ወረዱ፤ እኔ ጀልባው ላይ ቀረሁ። ሥርዓቱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ገዳም ነው። የተናደድኩት ቀድሞ ሊነግረኝ ያልፈለገው ባልደረባዬ ላይ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። (ሳቅ) ባለ ጀልባው «አጠገቧ ያለችው እንጦስ ሴት ትገባለች፤ ላድርስዎት?» አለኝ። አኩርፌ እምቢ አልኩ። እሱም ዝም ብሎ ከኪሱ ቆሎ አወጣና ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ።

ሰዓት ሙሉ ቆሎ እየቆረጠምን ተቀመጥን። ከዘጌ ነው። የዘጌን ነገር ነገረኝ። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ጫካው እንዳለ ኖሯል፤ ሰዉ የሚኖረው ከዛፉ ሥር ባለው ቡና ነው። «እኛ ጋ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ቡናውን ነው የሚቆርጥ» አለኝ። ይህን እያወራ ንስር ከላይ ወረደ፣ ውኃውን በጥፍሩ ነካ፣ ዓሣ ይዞ ወጣ። እንዲህ ቅርብ! ቆሎው አፌ ውስጥ ቀረ። ባልደረቦቼ የብራና መጻሕፍት አይተው፣ ፎቶ ተነስተው ተመለሱ። «ምን አየሽ?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው። ዛሬ ነው የምነግራቸው።

ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር በመጣሁ ቁጥር ያን ባለ ጀልባ እፈልገዋለሁ። አንዳንዴ አገኘዋለሁ፣ አንዳንዴ የለም። ሲኖር ቆሎ ይዤ ነው የምሄደው።

እና ከእያንዳንዱ ጉዞ ለልጄ ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ እወስድላት ነበር። ደረሰኝ የሌለው ብቸኛ ወጪዬ ናት። መደርደሪያው ላይ 14 አሉ። ልጄ አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ትናንት ስደውልላት «እማዬ፣ ታንኳ እንዳትረሺ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ሱቁ ይዘጋብኛል ብዬ እሰጋለሁ።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። እራቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይዋ በዘጌ በኩል ልትገባ ግማሽ ሰዓት ቢቀራት ነው። ስለ ማታ ብዙ አልልም ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ብዙ ነን። ጥያቄና አስተያየት በእግር እየሄድን እቀበላለሁ። በዚያ በግራ በኩል ባለው በር ውጡ፤ 400 ሜትር ነው፣ እኔ ቆጥሬዋለሁ። ጫማ የሚያወልቅ ሰው እንዳላይ! አመሰግናለሁ።